የአባባ ክንፉ ጥያቄዎች

«የካሊፎርኒያ ወፍ?» አለች ኢየሩስ፤ ካርዱን ፊቷን እስኪሸፍን ከፍ አድርጋ ይዛለች።

«ድርጭት» አለች እናቷ ዓለምፀሐይ የሥራ ጫማዋን እያወለቀች። «እሱንማ በእንቅልፌም አልስተውም። ቀጥይ።»

«ዛፉ?»

«ሬድዉድ። ከዛፍ ሁሉ የሚረዝመው።»

«አበባው?»

«ፖፒ። ያ ሃይዌይ ዳር የሚበቅለው ብርቱካናማ። ካሊፎርኒያ አሜሪካ ውስጥ የገባችበትን ዓመት ጠይቂኛ፤ ዛሬ ሥራ ላይ እሱን ስሸመድድ ነው የዋልኩት።»

«ኦኬ። መቼ ገባች?»

«ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ፣ ሴፕቴምበር ዘጠኝ።» ዓለምፀሐይ በራሷ ተደንቃ ሳቀች። «አባባ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ልንገርሽ? ‹የእንቁጣጣሽ ሰሞን ነዋ፤ ቀን መርጠው ነው የገቡት› ነው የሚለው።»

ኢየሩስ ካርዱን ከፊቷ አላወረደችም። ብታወርደው እናቷ ዓይኗን ታያለች፤ ዓይኗ ደግሞ ከረቡዕ ወዲህ ምስጢር መያዝ አቅቶታል። አባባ ክንፉ፣ የእናቷ አባት፣ የእነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች ባለቤት፣ ማክሰኞ ዕለት ድሬዳዋ ላይ ሞተዋል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ኦክላንድ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው በሙሉ ሰምቷል። ያልሰማችው ልጃቸው ብቻ ናት።

አባባ ክንፉ ሠላሳ ሁለት ዓመት ምድር ባቡር የሠሩ ሰው ነበሩ። ሥራቸው ምልክት መስጠት ነው፤ ባቡሩ ይግባ፣ ባቡሩ ይቁም የሚሉት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ጉልበታቸውን እያመማቸው ቤት መዋል ሲጀምሩ፣ ዓለምፀሐይ አሜሪካ ልታመጣቸው ቆርጣ ተነሳች። ወላጅን ለማምጣት ግን መጀመሪያ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። ዓለምፀሐይ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈተናው እንግሊዝኛ እያስፈራት «ይህ ዓመት ይለፍና» ስትል የከረመች ሴት ናት። በፈረንጆቹ 1997 ግን የአባቷ ጉልበት ከፍርሃቷ በለጠባትና ማመልከቻውን አስገባች። የኢሚግሬሽን ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው።

አባባ ዜናውን ሲሰሙ በካሴት መልስ ላኩ። ደብዳቤ መጻፍ አይወዱም፤ ወረቀት ላይ ሳቅ አይታይም ባይ ናቸው። በካሴቱ ላይ መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ባቡር ጣቢያ ከመግባቱ በፊት ምልክት ያያል። እኔም ካሊፎርኒያ ከመግባቴ በፊት ምልክቷን ልወቅ። ወፏ ምንድን ነው? አበባዋስ? ዛፏስ? ባንዲራዋ ላይ ድብ አለ ይሉኛል፤ እውነት ነው? ድቡን አይታችሁታል? መልሱን ግን ዓለምዬ እንዳትነግሪኝ። ኢየሩስ በራሷ አፍ፣ በአማርኛ ትንገረኝ። ስመጣ በምን ቋንቋ እንደምንጨዋወት ከአሁኑ ልየው።»

ኢየሩስ ጅቡቲ ተወልዳ በሁለት ዓመቷ ኦክላንድ የገባች፣ አሁን አሥራ አራት የሞላት ልጅ ናት። አማርኛ አንድም አያመልጣትም፤ ስትናገር ግን ምላሷ ይተሳሰራል፣ ስለዚህ በእንግሊዝኛ መልሳ ትገላገላለች። ይሁንና የአባባ ጥያቄ አላስተኛት አለ። አራተኛ ክፍል ሳለች ስለ ካሊፎርኒያ የሠራችውን የትምህርት ቤት ደብተር ፈልጋ አወጣች። በነጭ ካርድ የኢሚግሬሽኑን ጥያቄዎች፣ በቢጫ ካርድ የአባባን ጥያቄዎች ጻፈች። የአማርኛውን መልስ በእንግሊዝኛ ፊደል አስቀምጣ ለብቻዋ መስታወት ፊት ታነበው ነበር። ካሴቱ የሚቀረጸው ፈተናው ሲታለፍ ነው፤ እናቷ «ምሥራቹንም መልሱንም አንድ ላይ እንልክለታለን» ብላለች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በሩ ላይ የጋሼ ባዩን ነጭ ቶዮታ አየች። ባዩ የእናቷ የአክስት ልጅ ነው፤ ሳን ሆዜ የኮምፒዩተር ዕቃ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ይሠራል። በሥራ ቀን ኦክላንድ መጥቶ አያውቅም። ኢየሩስ መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ኢየሩሴ፣ አንቺ እንግዲህ አሁን ልጅ አይደለሽም» አለ። ኢየሩስ ይህን አነጋገር አትወደውም። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ካሉ ሁልጊዜ ሊያሸክሟት የፈለጉት ነገር አለ። ጋሼ ባዩም አሸከማት። አባባ ክንፉ ማክሰኞ ሌሊት በእንቅልፋቸው አርፈዋል። መርዶው የመጣው እንደ ወጉ ለልጃቸው ሳይሆን ለእሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ጨርሰዋል፦ ሐሙስ ፈተናውን ትወስዳለች፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ሥራ በሌለው ቀን፣ ንጋት ላይ መጥተው ያረዷታል። እስከዚያ ስልክ ሲጠራ ኢየሩስ ትቀድማለች። አፉን መያዝ የማይችል ሰው ከደወለ እናቷ የለችም ትላለች።

ኢየሩስ ከአባባ ጋር አንድም ቀን ተገናኝታ አታውቅም። ቢሆንም አለቀሰች። የምታውቀው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ብቻ ነበር፣ እሱም በቂ ሆነ።

«ግን ፈተናውን የምትወስደው እኮ ለእሱ ነው» አለች በእንግሊዝኛ።

ጋሼ ባዩ መሪውን ጨምቆ ያዘ። «ወረቀቱ ለራሷም ይጠቅማታል። አሁን ከቀረች ሌላ ቀጠሮ ስንት ወር እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ?»

«አይ ፕሮሚስድ ኸር፣ ጋሼ ባዩ። ቃል ገብቼላታለሁ።»

የምን ቃል እንደሆነ አልጠየቃትም። ያውቀዋል።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የዓለምፀሐይ እናት ሲሞቱም እንዲሁ ነበር የተደረገው። ያኔ ዓለምፀሐይ አዲስ መጤ ነበረች፣ ልጅ ታቅፋ ብቻዋን ናት፣ ትንሽ ትጠንክር ተባለና ስድስት ወር ተደበቀባት። ስድስት ወር ሙሉ ለእናቷ ደብዳቤ ጻፈች። ባዩ ደግሞ «እናትሽ ሰላም ናት፣ ስልክ ደውዬ ነበር» እያለ ይመልስላት ነበር። የሰማች ቀን ያለቀሰችው ለሞቱ ብቻ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ለኢየሩስ ስትነግራት እንዲህ ነበር ያለቻት፦ «ሰው ይሞታል፤ እሱን እግዜር ያመጣዋል። ግን እኔ ለሞተ ሰው ‹ጉንፋኑ ተሻለሽ ወይ› እያልኩ ስጽፍ ሰው ሁሉ እያየ ዝም አለኝ። አንቺ እንዲህ እንዳታደርጊኝ። ነገሩ ምንም ይሁን፣ አትደብቂኝ።» ኢየሩስ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እሺ አለች። ዘጠኝ ዓመት ላይ እሺ ማለት ቀላል ነው።

እሑድ ጧት ዓለምፀሐይ የስልክ ካርዷን ፍቃ ድሬዳዋ ደወለች። አባባ ቤት ስልክ ስለሌለ የሚደወለው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙሌይካ ጋ ነው። ኢየሩስ ሶፋው ላይ መጽሐፍ ከፍታ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። እዚያም ቤት እንዲደበቅ ተመክሯል።

«ሐረር?» አለች እናቷ። «ምን ሊሠራ? እህቱን ሊጠይቅ? በዚያ ጉልበቱ?» ከዚያ ፊቷ እንደ መስኮት ወለል ብሎ ተከፈተ። «ተሻለው በይኛ ዙሌይካ። አውቶብስ ላይ ራሱ ወጣ? አንቺ ግን ድምፅሽ ምን ሆኗል? ጉንፋን ነው? ዝንጅብል ጠጪ።»

ስልኩን ስትዘጋ ቆማ ወገቧን ያዘችና እስክስታ ነገር ሞከረች። «ሰማሽ? አባባ ሐረር ወጣ። እኔ እዚህ ስለ ጉልበቱ እንቅልፍ አጥቼ እሱ አገር ይዞራል። ቆይ ብቻ፣ ሲመጣ አሳየዋለሁ።»

«ግሬት» አለች ኢየሩስ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችና የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ውሸት ዓይን በጨው ታጥቦ የሚዋሽ ነው። እሷ የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እሱም ግን ውሸት ነው።

ሰኞ ማታ ከእራት በኋላ ተራው የድቡ ካርድ ሆነ። ኢየሩስ ልታልፈው ነበር፣ እናቷ ቀድማ አየችው።

«ድቡ ስሙ ማን ነበር? ግሪዝሊ። የት ሄደን ነው የምናሳየው? አባባ ጓጉቷል።»

«የለም እማዬ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አልቋል። ከሰባ ዓመት በፊት ነው የመጨረሻው የሞተው።»

«አልቋል?» ዓለምፀሐይ ሳህን የምታደርቅበትን ፎጣ አስቀመጠች። «ታዲያ ባንዲራው ላይ ምን ይሠራል?»

«አይ ዶንት ኖው። ሥዕሉ ቀረ።»

ዓለምፀሐይ ፎጣውን መልሳ አነሣች። «ይህንን ካሴቱ ላይ እንዳትነግሪው። ድብ አለ፣ ባንዲራው ላይ ነው በዪውና እለፊው። ደስታውን አናበላሽበት። እዚህ ሲመጣ ቀስ ብለን እንነግረዋለን።»

ኢየሩስ እናቷን አየቻት። እሷም ራሷ ለምትወደው ሰው ክፉ ወሬ ስትደብቅ ቅንድቧ እንኳ አይንቀሳቀስም። ይህንን ልትላት ፈለገችና ተወችው፤ አንዱን ክር ከሳበች ሌላው ሁሉ ይተረተራል። ካርዱን ከጥቅሉ ሥር አስገባችው።

በዚያ ሳምንት የሰው ደግነት በዛ። አንዱ ዳቦ ይልካል፣ ሌላው «ሐሙስ እኔ ባደርስሽስ» ይላል። ከታች ፎቅ የሚኖሩት እማማ ወለተ ማርያም ማክሰኞ ደረጃው ላይ ዓለምፀሐይን አቅፈው አልለቅ አሉ። ሲለቋት ዓይናቸው ቀልቷል። «ሽንኩርት ስከትፍ ነው» አሉ። ዓለምፀሐይ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ሳቀች። «ይኸው ፈተና ስላለብኝ ነው እንዲህ የሚያባብሉኝ። ገና ዜጋ ሳልሆን ሰው አከበረኝ።» ኢየሩስ ያን ቀን ስልኩን አራት ጊዜ አነሳች።

ሐሙስ ጧት ኢየሩስ ከትምህርት ቤት ቀርታ በባርት ባቡር ሳን ፍራንሲስኮ አብራ ሄደች። ዓለምፀሐይ ለሠርግ የገዛችውን ሰማያዊ ኮትና ቀሚስ ለብሳለች፤ በከንፈሯ እየደጋገመች ሳክራሜንቶ፣ ሳክራሜንቶ ትላለች። የመጠበቂያው ክፍል በሰው ተሞልቶ ነበር። ስሟ ሲጠራ ተነሳች፣ ቦርሳዋን ለኢየሩስ ሰጠቻት፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመልሳ ቦርሳውን ወሰደች፣ ከዚያ ገባች።

ኢየሩስ ብቻዋን ስትቀር አንድ ሐሳብ መጣባት፣ በመጣባትም አፈረች። ብትወድቅ ይሻላል ብላ ተመኘች። ብትወድቅ የሚሰበር ደስታ አይኖርም። አዝናና ደክሟት ትወጣለች፣ ቅዳሜ ሲመጡባት ከዚያው ሐዘን ላይ ይደርሱባታል። ከደስታ ላይ ተፈንግሎ መውደቅ ግን ከፍታ አለው።

ዓለምፀሐይ ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ወጣች። ገና ከሩቅ ስትታይ ማለፏ ያስታውቃል።

«ምን ጠየቀሽ?»

«ቀላል ቀላሉን። የባንዲራውን ቀለም፣ የካሊፎርኒያን ዋና ከተማ፣ ፕሬዚዳንቱን። ከዚያ ‹በቃ፣ ጨርሰናል› አለኝ። እኔ ደነገጥኩ። ‹ወፉንስ አትጠይቀኝም ወይ?› አልኩት።»

«እማዬ፣ ኖ።»

«ሙቺ። ሳቀና ‹ንገሪኛ› አለኝ። ወፉን፣ ዛፉን፣ አበባውን ደረደርኩለት። እኔ ራሴ አላውቃቸውም ነበር አለኝ። ደግሞ ‹ለምን ዜጋ መሆን ፈለግሽ?› ሲለኝ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ?» ዓለምፀሐይ የኮቷን አንገት አስተካከለች። «ማይ ፋዘር ኢዝ ዌይቲንግ አልኩት። አንድም ስህተት የለበትም አይደል?»

«የለበትም» አለች ኢየሩስ።

በመልሱ ጉዞ ዓለምፀሐይ አላቆመችም። ቤታቸው ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ፣ ማክአርተር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ባቡሩ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ይታያል። የአባባ አልጋ መስኮቱ ሥር ይሆናል። ኢየሩስና እሷ ሳሎን ይተኛሉ። ባቡር ባለፈ ቁጥር እጁን አንሥቶ ይግባ ይቁም ማለቱ ስለማይቀር ጎረቤት አብዷል እንዳይል ቀድሞ ይነገራል። ኢየሩስ በእንግሊዝኛ «ያ» «ያ» እያለች የመስኮቱን መስታወት ታይ ነበር። ባቡሩ ከባሕሩ ሥር ሲገባ ጆሮዋ ተደፈነ፣ ያ ጊዜ ብቻ አረፈች።

ቤት ሲገቡ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

«ሻወር ልውሰድና ካሴቱን እንቀርጻለን» አለች ዓለምፀሐይ ጫማዋን ኮሪደር ላይ ጥላ። «ቢጫ ካርዶችሽን አዘጋጂ። ዛሬ ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ።»

የውሃው ድምፅ እንደተሰማ ኢየሩስ ኩሽና ገብታ ወደ ጋሼ ባዩ ፔጀር ደወለች፣ መልሶ እንዲደውልም የቤታቸውን ቁጥር ከነአስቸኳይ ምልክቱ አስገባች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ከበስተጀርባው የፋብሪካ ማሽን ይሰማል።

«ምን ሆናችሁ? ወደቀች?»

«አለፈች። አሁን ለአባባ ቴፕ ልትቀርጽለት ነው። ጋሼ ባዩ፣ ዛሬ ኑ።»

 «ትቅረጽ፣ ምን ችግር አለው» አለ። «ነገ አንድ ቀን ነው፣ ቅዳሜ እንመጣለን። ካሴቱን ፖስታ ቤት እኔ አደርሳለሁ በያትና አንቺው ዘንድ ይቀመጥ።»

ኢየሩስ የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «የአያቴን ደብዳቤዎችም እንደዚህ ነው ያደረግኸው? ፖስታ ቤት አደርሳለሁ ብለህ?»



«ሃያ ሦስት ናቸው» አለ በመጨረሻ። «አልጣልኳቸውም። መኝታ ቤቴ ካርቶን ውስጥ አሉ። መስጠትም መጣልም አቃተኝ።»

«እኔ ካርቶን አልፈልግም» አለች። «እነግራታለሁ።»

«ስሚኝ፣ ብቻሽን እንዳትሞክሪው። ብትወድቅ ማን ይይዛታል? ሰው የሚሰበሰበው ለዚህ ነው እኮ፣ ለወግ ብቻ እንዳይመስልሽ። ፈረቃዬን ጥዬ እመጣለሁ። ግን ከሳን ሆዜ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቆዪኝ።»

ውሃው ቆመ። ኢየሩስ ስልኩን ዘግታ በካልሲዋ ደረጃውን ወረደች።

እማማ ወለተ ማርያም በሩን ሲከፍቱ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። ኢየሩስ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አማርኛው ተሰባብሮ ወጣ። አለፈች፣ ደስ ብሏታል፣ አሁን ልታወራው ነው፣ እሱ ግን የለም አለች።

«ልጄ፣ የከሰዓት መርዶ ጥሩ አይደለም» አሉ እማማ። «መርዶ በጧት ነው። ሌሊቱን ብቻዋን እንዳትሆን፣ ቀኑን ሙሉ ሰው አብሯት እንዲያለቅስ ነው።»

«ለሞተ ሰው ልታወራ ነው፣ እማማ። አንዴ አድርገዋታል።»

 እማማ ነጠላቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡ፣ የምድጃውን እሳት አጥፍተው እጇን ያዙ። ደረጃውን ሲወጡ ጉልበታቸው እያመማቸው በየሁለቱ እርምጃ ቆሙ።

ዓለምፀሐይ አልጠበቀቻትም። ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ ቴፑን ከፍታ ቀዩን ቁልፍ ተጭናለች። «አባባ፣ እኔ ነኝ» ትላለች። «መጀመሪያ እልል በልልኝ። አለፍኩ። ያ እንግሊዝኛ ነው እንዲህ ሲያስፈራራኝ የኖረው? አሁን ወረቀትህን አስገባለሁ። ሐረር መውጣትህን ሰምቻለሁ፤ ከቻልክማ እዚህ መምጣትም አያቅትህም። ያዝ እንግዲህ፣ ኢየሩስ መጣች፣ መልስህን ይዛለች…»

ኢየሩስ ጎንበስ ብላ ቴፑን አጠፋችው።

«ምነው? ገና መጀመሬ እኮ ነው» አለች እናቷ። ከዚያ በሩ ላይ እማማን አየች። «እማማ፣ ይግቡ እንጂ። ደህና ነዎት?»

 እማማ ወለተ ማርያም መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና የግራ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። ዓለምፀሐይ የተያዘውን እጇን አየች። ኢየሩስን አየች። ፈገግታው ፊቷ ላይ ነበር፣ ግን ማንም ያልነገረውን ነገር እየሰማ ቀስ በቀስ መውረድ ጀመረ።

ትልልቆቹ ለዚህ የሚጠቀሙበት ለስላሳ ቃል አለ፤ ጋሼ ባዩም መኪናው ውስጥ ተጠቅሞበታል። ኢየሩስ ፈለገችው፣ አልመጣላትም።

«እማዬ፣ አባባ ሞተ» አለች።

 ከዓለምፀሐይ የወጣው ድምፅ ኢየሩስ ከእናቷ ሰምታው የማታውቀው ነው። ፎጣው ከራሷ ወደቀ። ደረቷን ልትመታ እጇን ስትነጥቅ እማማ በዚያ ባረጀ ክንዳቸው አጥብቀው ያዟት፣ አብረዋትም አለቀሱ። ኢየሩስ ቆማ ቀረች። ማቀፍ ፈለገች፣ የማቀፍ መብት እንዳላት ግን እርግጠኛ አልሆነችም። ባቡሩ በመስኮቱ በኩል ሁለት ጊዜ አለፈ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓለምፀሐይ ራሷን ከእማማ ትከሻ ቀና አደረገች። ዓይኗ አብጧል።

«መቼ?» አለች።

«ማክሰኞ፣ ባለፈው ሳምንት። በእንቅልፉ» አለች ኢየሩስ።

«ሐረር አልወጣም።»

«አልወጣም።»

ዓለምፀሐይ ራሷን ነቀነቀች። ትንፋሽዋን ሰብስባ ልጇን ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺስ መቼ ሰማሽ?»

ኢየሩስ ሳትመልስ እማማ ቀደሟት። «አሁን ነው የሰማችው፣ አሁን። እኔው ነኝ ታች የነገርኳት። ልጅቷ ምን ታውቃለች» አሉና በዓለምፀሐይ ጀርባ በኩል ለኢየሩስ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉላት። በፍቅር ነው ያደረጉት። አንድ እሺ ብቻ በቂ ነበር፤ እናቷ አልቅሳ አልቅሳ አንድ የማይዋሻት ሰው ቤቷ ውስጥ እንዳለ አምና ትተኛ ነበር።

«አይደለም» አለች ኢየሩስ። «ያለፈው ረቡዕ ነው የሰማሁት፣ ስምንት ቀኔ ነው። ቅዳሜ ወፉን ስጠይቅሽ አውቅ ነበር። እሑድ ስትደውዪም አውቅ ነበር። ዛሬ ባቡሩ ውስጥም አውቅ ነበር፣ እማዬ።»

 እማማ ወለተ ማርያም ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ኢየሩስ ወደ መኝታ ቤቱ አልሸሸችም። እናቷ የምትላትን፣ ምንም ይሁን ምን፣ ለመስማት ከእግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።